የሦስቱ ሐኪሞች መሐላ

የጤና መኮንኑ ቀለመ ወርቅ አስከሬን በአርብ ገበያ ክሊኒክ የኋላ ክፍል፣ በጠባብ የብረት አልጋ ላይ ተጋድሟል። የፖሊስ መቶ አለቃ ጓዴ ከነፋስ መውጫ ከተማ በበቅሎ መጥቶ ወደ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ ያየው የሟቹን ፊት አልነበረም፤ እስከ አገጩ ድረስ በጥንቃቄ የተሳበውን ብርድ ልብስ ነበር። ጫማው ክሩ ተፈትቶ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከራስጌው በኩል በርጩማ ላይ መርፌና የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ባዶ ብልቃጥ አለ። የብልቃጡ አንገት በትንሽ ሞረድ ተከርክሮ ተሰብሯል።

ጓዴ ብርድ ልብሱን ገለጠ። የሟቹ ቀኝ እጅ ከጣቶቹ ሥር እስከ ክርኑ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ተደግፎ በፋሻ ተጠቅልሏል። የመርፌው ምልክት ግራ ክንዱ ላይ ነው።

«ፋሻውን ማን አሰረለት?»

«እኔ ነኝ» አለች የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አሰለፈች። «ሐሙስ ዕለት ከወገዳ ሲመጣ በቅሎዋ ቁልቁለት ላይ ጣለችው። የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ አልቻለም።»

«እዚህ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«በየወሩ አንድ አርብ ሦስታችን እዚህ እንገናኛለን። ቀለመ ወርቅ ከወገዳ፣ ጸጋዬ ከመካነ ኢየሱስ፣ እኔ ከዚህ። በየወረዳችን ብቻችንን ነን፣ መቶ አለቃ። በሽተኛ እጃችን ላይ ሲሞት ለማን ይወራል? ለዘመድ አይነገር፣ ለአለቃ አይነገር። ስለዚህ እርስ በርሳችን እናወራለን። የተነገረው ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ምለናል።»

«ትናንትስ እሱ ምን አለ?»

«አልነግርዎትም።»

«ሰው ሞቷል፣ ሲስተር።»

«አውቃለሁ። ማኅበሩን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ብናወራው ይቀለናል ብዬ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። ከተነጋገርን በኋላ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። ይህንንም ይጻፉብኝ።»

ጓዴ አላስጨነቃትም።

የከተማው ሰው ግን ገዳዩን አግኝቻለሁ ብሎ ነበር። ካሴ የሚባል የስማዳ ገበሬ ትናንት በክሊኒኩ በር ላይ ታይቷል። ሚስቱ የሺ ባለፈው ክረምት በወገዳ ክሊኒክ በምጥ ሞታለች፤ ሐኪሟም ቀለመ ወርቅ ነበር። ፖሊሶች ካሴን የፊጥኝ አስረው ጣቢያ አስቀምጠውታል።

ጸጋዬ ግን በዚህ አልተስማማም። የክሊኒኩን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ። «ወገዳ ውስጥ ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ጭንቀቱን እያወቅሁ ብቻውን ትቼው መሄዴ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«መቼ ተለያችሁ?»

«አሰለፈች እንደወጣች። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ከዚያ ገበያ ወርጄ ኮርቻ ሳማርጥ ዋልኩ። ሞተ ሲባልም ከበሩ አላለፍኩም። አላስቻለኝም።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«የደከመ ሰው ነዋ። እንቅልፍ ወስዶት እንኳ ግንባሩ አልተፈታም።»

ጓዴ አመስግኖት ወደ በሩ ሄደ። ዘበኛው አያ ባዩ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አያ ባዩ፣ ያ ገበሬ ግቢ ገብቶ ነበር?»

«ኧረ አልገባም። ‹ሐኪሙ ልኮብኝ ነው የመጣሁ› አለኝ። ሐኪሙ ተኝተዋል፣ ጠብቅ አልኩት። እደጁ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ኋላ እስቲ ልቀስቅሳቸው ብዬ ብገባ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል።»

«መተኛቱን ማን ነገርዎ?»

«ሐኪም ጸጋዬ ናቸዋ። ሲወጡ ‹እንቅልፍ ወስዶታል፣ እንዳትቀሰቅሱት› አሉኝ።»

ጓዴ ከዚያ ጣቢያ ሄዶ ካሴን አገኘው።

«ለምን መጣህ?»

«ልኮብኝ ነው ጌታዬ። ‹ስለ የሺ የምነግርህ አለኝ፣ አርብ ና› አለኝ።»

«ልትገድለው አልነበረም?»

ካሴ መሬት መሬቱን እያየ አሰበ። «የሚነግረኝን ሳልሰማ?»

ጓዴ ገመዱን አስፈታለትና ይዞት ተመለሰ።

በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል፣ በረጅሙ አግዳሚ ላይ አሰለፈች፣ ጸጋዬ፣ ካሴና አያ ባዩ ተቀመጡ። ጓዴ ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ ጀመረ።

«ቀለመ ወርቅ ራሱን አልወጋም። ቀኝ እጁ ታስሯል፤ የተወጋው ግራ ክንዱን ነው። በግራ እጅ ግራ ክንድን መውጋት አይቻልም። የብልቃጡን አንገት ከርክሮ መስበርም ሁለት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የወጋው ሌላ ሰው ነው። የወጋውም በጠብ አይደለም። ትግል አልነበረም፤ ክንዱን የሰጠው ወዶ ነው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ብርድ ልብስ ያለበሰው አለ። ይህ የሚወደው ሰው ሥራ ነው።»

ወደ ካሴ ዞረ። «ካሴ ግቢውን አልረገጠም። ደግሞም ሟቹ አንድ ነገር ሊነግረው ልኮበታል። መስማት የፈለገ ሰው የሚነግረውን አፍ አይዘጋም። አፉን የሚዘጋው እንዳይነገር የፈለገ ነው። የሚነገረውን አስቀድመው የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሲስተር አሰለፈች ቀድማ ወጥታለች።»

ጸጋዬ አቀርቅሮ ነበር።

«አቶ ጸጋዬ፣ ተቀምጦ ተውኩት፣ ከዚያ አላየሁትም አሉኝ። ነገር ግን እንቅልፍ ወስዶት እንኳ ግንባሩ እንዳልተፈታ ነገሩኝ። ለአያ ባዩም ተኝቷል ብለዋል። ሲተኛ አጠገቡ ነበሩ።»

ጸጋዬ ቀና አለ።

«ለእንቅልፍ ነበር» አለ ጸጋዬ በመጨረሻ። «እጁ እየጠዘጠዘው ‹ትንሽ እንኳ ልተኛ፣ ካሴ ሲመጣ ጤነኛ ሆኜ ልንገረው› ብሎ ለመነኝ። መጠኑን አበዛሁት። ሳላስበው አበዛሁት ብዬ ለራሴ ስነግረው አደርኩ። ትንፋሹ ሲቀንስ ግን ቆሜ አይቻለሁ። ላነቃው፣ ሰው ልጠራ እችል ነበር። ካልነቃ እኮ ምንም አይነገርም አልኩ በሆዴ። ብርድ ልብሱን አልብሼው ወጣሁ።»

አሰለፈች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከሁለታችሁ መሀል የምፈራው ለእሱ ነበር» አለች። «አንተን ማየት ነበረብኝ።»

«ምን ነበር የሚነገረኝ?» አለ ካሴ።

አሰለፈች ቀና ብላ ጸጋዬን አየችው። ጸጋዬ ራሱ መለሰ።

«ሚስትህን መጀመሪያ ያመጣሃት መካነ ኢየሱስ፣ እኔ ዘንድ ነበር። የእኔ ዘበኛ ሐኪሙ የለም ብሎ መለሳችሁ።»

«አዎ።»

«ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ሁለት እናቶች እጄ ላይ ሞተውብኝ ነበር። ሦስተኛዋን ማየት ፈራሁ። በር ዘግቼ ስታቃስት እሰማት ነበር። ወገዳ ስትደርሱ ደግሞ ቀለመ ወርቅ ከድካሙ ብዛት ‹እስኪነጋ ይቆዩ› ብሎ አሸለበ። ሲነቃ አልፋለች። ሁለታችንም በኋላው ክፍል ተናዘዝን። እሱ ግን ‹መሐላው የእኛን ሆድ ይሸፍናል እንጂ የዚህን ሰው ሐዘን አይሸፍንም› አለ። እውነቱን ነበር።»

ካሴ አልተነሳም፤ እጁንም አላነሳም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ምጥ ያዘኝ ስትለኝ የጀመርኩትን ትልም ልጨርስ ብዬ ዘገየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። የነፍስ አባቴም ከዚህ ሊያወጡኝ አልቻሉም።»

ጸጋዬ ሁለት እጆቹን ለጓዴ ዘረጋ። ሲወጣ ከካሴ ፊት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ አለፈ። ጓዴና አያ ባዩም ተከተሉት።

አሰለፈች ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ካሴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከትልሙ ጀምረህ ንገረኝ» አለችው። «ሁሉንም።»

ካሴ ነገራት።