ሰባቱ ሴቴ አበቦች

የሀጀራ አስከሬን የተገኘው ከዱባው መደብ ግርጌ፣ ከድንጋይ እርከኑ ሥር ነው። መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቷ እትዬ ሙሉሐረግ በቀጋው አጥር አሻግረው ሲያዩ ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ድንጋይ ላይ አድርጋ ተዘርራለች። ጮኹ። ዞረው ሮጡና የግቢውን በር ደበደቡ፤ የሀጀራ ወንድም ሚስት ሁዳ ከውስጥ መወርወሪያውን ስባ እስክትከፍትላቸው ድረስ ደበደቡ።

ኢንስፔክተር የሻለም ስትደርስ ግማሹ የመካነ ሰላም ሰው በር ላይ ነበር። ሰዉን አስወጥታ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። በሟቿ ሁለት ክንዶች ላይ የጣት ምልክት ሰንበር ሆኖ ወጥቷል። ሀጀራ አዳልጧት አልወደቀችም፤ ሰው ይዞ ገፍቷታል።

ሀጀራ ከጂዳ ከተመለሰች ሁለት ክረምቷ ነው። የሟች እናቷን የዱባ ዘር ሳይቀላቀል አቆየች ተብሎ ስሟ እስከ ደሴ ደርሷል፤ በጥቅምት በሚከፈተው የዘር አውደ ርዕይ ላይም ተጋብዛ ነበር።

መጀመሪያ የተጠየቀው ዘሩን አጥንቶ የጻፈው የግብርና ባለሙያው መለሰ ነው።

«ትናንት ከእሷ ጋር ተጨቃጭቀሃል ይባላል።»

«እውነት ነው» አለ መለሰ፣ ፊቱ እየቀላ። «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ። ጥሪው ሲመጣ ግን ‹ለወይዘሮ ሀጀራ› ብቻ ይላል። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ደጎሎ ሄጄ አደርኩ፤ በጠዋቱ ሚኒባስ አሁን መግባቴ ነው።»

«እነዚህ አበቦች በክር የታሰሩት ለምንድን ነው?»

«እሱ ነዋ ጥበቡ! ሊፈኩ የደረሱትን፣ ወንዴውንም ሴቴውንም፣ ዋዜማውን ታስራቸዋለች። ጎህ ሲቀድ ትፈታና የወንዴውን ዱቄት ሴቴው ላይ ትቀባለች፤ መልሳ ታስራለች። ያለዚያ ንቦች ከጎረቤት ዱባ ዱቄት እያመጡ ዘሩን ይቀላቅሉታል።»

የሻለም ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ሦስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። ወደ መደቡ ገብታ አበቦቹን አንድ በአንድ አየች። ከሥራቸው ትንሽዬ ፍሬ ያንጠለጠሉት ሴቴዎቹ ሰባት ናቸው፤ ክራቸውን ስትፈታ ውስጣቸው በቢጫ ዱቄት ተለውሷል። ወንዴዎቹ ደግሞ ዘጠኝ። የእነሱን ክር ስትፈታ ዱቄታቸው ሳይነካ እንደ ሞላ ነው። ከዚያ ወደ ቀጋው አጥር ሄደች። የእትዬ ሙሉሐረግ ዱባ ሐረጉን በእሾሁ መሐል አሾልኮ ወደ ሀጀራ ግቢ ጥሎታል። ሦስት የአበባ አገዳዎች በስለት ተቆርጠዋል፤ የተቆረጡበት ቦታ ላይ ውሃው ገና አልደረቀም።

እትዬ ሙሉሐረግ በራቸው ላይ ተቀምጠው እያለቀሱ ነበር።

«እትዬ፣ ከሟቿ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ልጄ፣ አልዋሽሽም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ዘር የፈለገ ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። እሷ ከዐረብ አገር ከመጣች ወዲህ ሰዉ በሬን አልፎ ወደሷ ይሄዳል። ሰላም እንኳ የሚለኝ ጠፋ። አንጀቴ አሯል። ቀንቻለሁ! ይህን ጠላቴም ያውቀዋል። ግን አላህም ማርያምም ያዩኛል፣ እጄን በሰው ላይ አላነሳሁም።»

«የእርስዎን ዱባ አበባ ዛሬ የቆረጠ አለ?»

«ማን ይቆርጠዋል? እኔ ገና ወደ ጓሮ እንደ ወጣሁ አይደል እሷን ያየሁት!»

ሁዳ ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ ቤት ውስጥ እጭቃው መደብ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ባሏ አሁንም ጂዳ ነው። አጠገቧ የዱባ ዘር የተሰጣበት ሰፌድ አለ።

«አላህ ይርሐማት» አለች ሁዳ። «ለሱብሒ ተነሥታ ሰገደች። ከዚያ ወደ አትክልቷ ወጣች፤ እኔ እሳት እያያያዝኩ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

«አንቺስ ታግዣት ነበር?»

«እኔ? ወላሂ ከአትክልት ጋር ትውውቅ የለኝም። የጓዳ ሰው ነኝ። ወንዴ ሴቴ የሚሉትንም ከእነሱ አፍ ነው የሰማሁት።»

የሻለም የሴትዮዋን ፊት ትታ እጇን ታይ ነበር። የሁዳ ጣቶች፣ እሷ ሳታውቃቸው፣ ሰፌዱ ላይ ይሠራሉ። ፍሬ ያልያዘውን ዘር በአውራ ጣቷ ዳሰስ እያደረገች ወደ ዳር ትገፋለች፤ የሞላውን ወደ መሐል ትሰበስባለች። አንዴም ዝቅ ብላ አላየችም፤ አንዴም አልተሳሳተችም።

የሻለም አመስግና ወጣች። ተመልሳ እትዬ ሙሉሐረግ በር ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ረሳሁ። ሀጀራ ስምንት ዓመት ጂዳ ነበረች። እናቷ እሷ በሄደች በዓመቱ ሞቱ። ታዲያ ዘሩን በየክረምቱ ማን ይዘራው ነበር?»

እትዬ ሙሉሐረግ ጥያቄው ገረማቸው።

«ሁዳ ናታ! ሌላ ማን አለና? አበባ ማሰሩንም ያስተማሯት አማቷ ናቸው።»

«ይህን ለማን ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁዳ ነጠላዋን አጥብቃ ተከናንባለች። መለሰ ሰዓቱን ያያል።

«ከበሩ ልጀምር» አለች የሻለም። «እትዬ በሩን ሲደበድቡ መወርወሪያው ከውስጥ ተዘግቶ ነበር። በበሩ የወጣ ሰው ከኋላው መወርወር አይችልም። የቀጋውን አጥር ደግሞ ልብሱንና ቆዳውን ሳይተው የሚሻገር የለም፤ ዙሪያውን አየሁ፣ አንድ ቅርንጫፍ አልተሰበረም። ስለዚህ ገዳዩ ከውጭ አልመጣም።»

መለሰ ወደ ሁዳ ዞረ። «ግን እኮ እሷ ስለ አትክልት...»

«ቆይ። ሴቴዎቹ አበቦች ዱቄት ተቀብተው ተመልሰው ታስረዋል። የሀጀራ ወንዴዎች ግን ከነክራቸው ናቸው፣ ዱቄታቸው አልተነካም። ታዲያ ዱቄቱ ከየት መጣ? ከእትዬ ዱባ ነው። ሦስት ወንዴ አበቦች ተቆርጠዋል። የተቆረጡት ግን ወደዚህ ግቢ ከተንጠለጠሉት ላይ ነው። እትዬ ቢሆኑ ጓሯቸው ሙሉ አበባ እያለ በእሾህ ውስጥ እጃቸውን አይሰዱም።»

«እሰይ ልጄ!» አሉ እትዬ ሙሉሐረግ።

«ይህ ሰው መግደል ፈልጎ አልነበረም የመጣው። ዘሩን ማበላሸት ነው የፈለገው። ዘንድሮ ዱባው ያው ዱባ ነው፤ ማንም አይለየውም። ዘሩ ለከርሞ ሲዘራ ግን ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል፤ በየቦታው ዘሩን የወሰደ ሁሉ ‹የሀጀራ ዘር ቅይጥ ነው› ይላል። ይህን የሚያስብ ዘሩን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነው፤ ዓመት መጠበቅም የለመደ ነው።» ዞረች። «ሁዳ፣ ትናንት አትክልት አላውቅም ስትዪኝ ጣቶችሽ ፍሬ አልባውን ዘር ይለቅሙ ነበር።»

ሁዳ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ስምንት ክረምት» አለች። «በረዶ ሲመታው በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኜ አደርኩ። አንድ ዓመት ሁለት ፍሬ ብቻ ተረፈ፤ ከዚያ ነው መልሼ ያበዛሁት። እሷ መጣች። እንግዶቹ መጡ፣ ካሜራው መጣ። ‹ሀጀራ አቆየችው› አሉ። እሷም ‹አዎ› አለች። እኔ ሻይ አቀረብኩ።»

መለሰ አንገቱን ደፋ። ያን ሻይ እሱም ጠጥቷል።

«ለምን አልተናገርሽም?» አሉ እትዬ ሙሉሐረግ።

«አንድ ቀን ለእሷ ተናገርኩ። ‹ዘሩ የእናቴ፣ መሬቱ የእናቴ፤ አንቺ ምንሽ ነው?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷን ባየሁ ቁጥር እዚህ ጋ ይነድደኝ ጀመር» ደረቷን ነካች። «ጠዋት የመጨረሻውን አበባ አስሬ ሳበቃ ደረሰችብኝ። በእጄ የተረፈውን ክር ልትቀማኝ ያዘችኝ። እኔም ያዝኳት። ሁለት ዓመት የተናደድኩት ሁሉ እጄ ላይ ነበር። ገፋኋት... ድንጋዩን አላሰብኩትም። ወላሂ አላሰብኩትም።»

«ከወደቀች በኋላስ?»

«ጠራኋት። አልመለሰችም። ገብቼ እሳት አያያዝኩ።»

የሻለም ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም፤ ሁዳ ራሷ ተነሥታ ከፊት ከፊት ሄደች።

ኅዳር ሲገባ ዱባው ደረሰ፤ የሚያነሣው ሰው ግን ጠፋ። መለሰ የሻለም ምልክት ያደረገችባቸውን ሰባት ቅይጦች ለይቶ ጣለ። ከዚያ በፊት ያፈሩ ንጹሕ አራት ነበሩ፤ መቼ እንደሚቆረጡ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ ዘሩ ምን ውስጥ እንደሚቀመጥ ግን በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ጠይቆ አያውቅም ነበር። ደብተሩን ይዞ ማረሚያ ቤት ሄደ።

ሁዳ ከሽቦው ወዲያ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። አገዳው ጠቁሮ ሲደርቅ መቁረጥ እንዳለበት፤ ወር ሙሉ ከቤት ማቆየት እንጂ ፀሐይ ላይ መጣል እንደማይገባ፤ ዘሩ ከዐመድ ጋር በቅል እንደሚቀመጥ ነገረችው። መለሰ ሳያቋርጥ ጻፈ።

«ቀስ በይ» አላት አንድ ጊዜ። «አንድም እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።»

ሁዳ የሚሮጠውን እስክሪብቶ አየች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን ስትመላለስ ነበር» አለችው። «ያኔ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

መለሰ ቀና አለ። ዘቡ ሰዓቱ ማለቁን ሲነግራቸው እስክሪብቶው ገና ደብተሩ ላይ ቆሞ ነበር።