የፈርሂያ ውክልና

ፈርሂያ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ኮቴ ታዳምጣለች። አሁን ሁለት ምስክሮች መጥተው «አባትሽን ወክለሻል?» ይሏታል። «አዎ» ካለች፣ ወይም ዝም ካለች፣ ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት አባቷ በስሟ ቃል ይሰጣሉ። ከቀትር በፊት የአጅባሩ ነጋዴ የረመዳን ሚስት ትሆናለች።

የምትወደው ግን ሙሐሲንን ነው። እሱ ካርቱም ሲማር ጦርነት አባሮት፣ እሷ አቀስታ ላይ ከመጀመሪያ ባሏ ተፋትታ፣ ወደ መካነ ሰላም በሚመጣ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መኪናውን ጭቃ ያዘውና ሲገፉ ዋሉ።

«የተማርከው መግፋት ነው እንዴ?» አለችው።

«እሱንማ ዛሬ ገና መማሬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየገበያው በዓይን ሲፈላለጉ ስምንት ወር አለፈ። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ ሐጂ አሕመድኑር «ዲግሪ ቀንበር አይጎትትም» ብለው መለሱበት። ለረመዳንም ቃል ሰጡ። «ካዋረድሽኝ ልጄ አይደለሽም» ሲሏት ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኮቴው ደረሰ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ» አሉ አንደኛው ምስክር፣ ሽማግሌው ሸህ አራጌ።

ሁለተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሐሲን ነው። ተስፋውን እንዲቆርጥ ብለው አባቷ ራሳቸው መርጠው ልከውታል ማለት ነው።

«ጠይቃት እንጂ» አሉት ሸሁ። «ምላስህን ካርቱም ረስተኸው ነው የመጣኸው?»

«ፈርሂያ...» አለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። «አባትሽ ለረመዳን እንዲድሩሽ ወክለሻል?»

እሱ። ለሌላ ሰው ሊጠይቃት የመጣው እሱ። በንዴት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ደግሞ ጠየቃት። ሦስተኛም ጠየቃት። ቃል አልወጣትም።

«አፍራ ነው። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ እንሂድ» አሉ ሸሁ።

«እኔ አልመሰክርም» አለ ሙሐሲን።

«ምን አልክ?»

«ፈቃድ የሚባለው የልጃገረድ ዝምታ ነው። ፈርሂያ ፈት ናት። ፈት በአንደበቷ ካልተናገረች ውክልና የለም። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሸሁ። «አሊፍ ብዬ ቁርኣን ያስቀራኋት ሕፃን መስላ ታይታኝ እኮ ነው። በይ እንግዲህ ተናገሪ።»

ከመጋረጃው ግርጌ የሙሐሲን እግር ይታያታል። «አይሆንም» ብትል አባቷን ታጣለች። «አዎ» ብትል እሱን።

«አባቴን ወክያለሁ» አለች።

እግሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ለጠያቂዬ እንዲድሩኝ። ለሙሐሲን። ለሌላ ለማንም አልወከልኳቸውም።»

የሸሁ ከዘራ መሬቱን ጠቅ አደረገ።

«ይህን እኔ በምን አፌ ልንገራቸው?» አሉ ሸሁ።

«ምስክር የሰማውን ያደርሳል» አለ ሙሐሲን፤ ድምፁ ተሰብሮ።

ሄዱ። የዳሱ ጫጫታ ቀጥ አለ። ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ።

«እንዲህ ያለውን ውክልና አልቀበልም።»

ሦስት ጊዜ ደገሙት። ያለ ውክልና ኒካህ የለምና የረመዳን ሰዎች ምግቡን ሳይቀምሱ፣ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ።

ፈርሂያ መጋረጃውን ገለጠች። ሰው በሸሸው ዳስ ውስጥ ሙሐሲን ከአባቷ እግር ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አባቷ ፊታቸውን አዙረውበታል። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ እሱ አልተነሣም፣ እሳቸውም ሂድ አላሉትም።