የትንሿ ተከታዮች

ጡረታ የወጡት የሙዚቃ አስተማሪ ሞተው የተገኙት ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። አንድ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የኬክ ካርቶን፣ ሳህን፣ ሹካና የተገለበጠ ብርጭቆ ነበረ። ካርቶኑ ላይ የታተመው የትንሿ ኬክ ቤት ምልክት ነው።

ሐኪሙ ብዙም አልተቸገረም። ሴትዮዋ ኦቾሎኒ እንደማይስማማቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጥቂት ከቀመሱ ጉሮሯቸው አብጦ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የሆነውም ይኸው ነው። ለዚህም ነበር «ኦቾሎኒ ደጄን አይረግጥም» ብላ ከምትምለው ከሱቁ ባለቤት ከትንሿ በቀር ከማንም ኬክ የማይገዙት። ፖሊስ ጣቢያውም ከሐኪሙ ፈጥኖ ደመደመ፤ ሱቋን አሽጎ ትንሿን ቃልሽን ስጪ አላት።

ትንሿ ደግሞ አልካደችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳህን በደንብ ሳላጥብ ቀርቼ ይሆናል። የት እንደምፈርም አሳዩኝ።»

ፋይሉ የተሰጣት መርማሪ ባልደረቦቿ «ቀስታ» ይሏታል፤ ሊያሞግሷትም ሊያሟትም። ደረጃ ስትወጣ በየመሃሉ ታርፋለች፣ ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፣ የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ መቀመጫ ትጠይቃለች። ሰው ቁጭ ሲል መዋሸት ይከብደዋል የሚል እምነት አላት። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እሷን ግን ጠቅሟታል።

«ያለቀለት ነገር ነው» አላት አለቃዋ። «አስፈርሚና ዝጊው።»

«እሺ» አለችና ሳታስፈርም ትንሿን ይዛ ወደ ታሸገው ሱቅ ሄደች።

ወጥ ቤቱ ከመኝታ ቤት አይሰፋም። መጥበሻዎቹ እንደ መጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ዱቄቱና ስኳሩ በየዕቃው ተከድኗል። ቀስታ መሳቢያዎቹን ሳበች፣ ከመደርደሪያው ኋላ እጇን ሰደደች፣ የወንፊቱን ጠርዝ በጥፍሯ ፈገፈገች። የኦቾሎኒ ሽታ እንኳ የለም።

«እዚህ ቤት ኦቾሎኒ ከየት ይመጣል?» አለች የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ እያለች።

«እንጃ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።»

«ከፈረምሽ ትታሰሪያለሽ። ልጅሽስ?»

«እናቴ አለችላት።»

«እኔ ወንጀለኛ ሲክድ ለምጃለሁ» አለች ቀስታ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ወጥ ቤት ይዞ እሰሩኝ የሚል ሰው ግን ነገሩ ይሸተኛል። የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

ትንሿ ግድግዳውን ማየት መረጠች። ቀስታም አልገፋቻትም፤ ካላስፈረመቻት አለቃዋ ነገ ሌላ መርማሪ ልኮ እንደሚያስፈርማት ግን ታውቃለች።

የሟቿ ቤት በር ከመቃኑ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች።

«ፖሊሶቹ ናቸው የሰበሩት» አለች። «ዝናቡ አሳብጦት ሰሞኑን አልከፈት ብሎ ነበር። እትዬ በጓሮ ነበር የሚወጡት። ዕቃ ያመጣን እንደሆነ መስኮቱን አንኳኩተን እንሰጣቸዋለን።»

«ምግብ ላይ ጠንቃቃ ነበሩ ይባላል።»

«ጠንቃቃ ብቻ! ውሃ ስሰጣቸው እንኳ "ብርጭቆው ምን ነክቶት ነበር?" ነው የሚሉኝ። እስቃለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።»

ቀስታ ወንበር ስባ የሟቿ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ከካርቶኑ ጥግ የኬክ ፍርፋሪ አንስታ በጣቶቿ መሃል ጫን አለችው፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰበረ። ከሳህኑ ያነሳችው ግን ለስላሳ ነበር፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ከካርቶኑ የወጣው ኬክ ከተበላ ሰንብቷል ማለት ነው። ሳህኑ ላይ የነበረው ሌላ ኬክ ነው።

ይህን እያሰበች ሳለ መደርደሪያው ላይ የሟቿ ስልክ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ «በስመ አብ!» አለች። ቀስታ አንስታ አነበበችው፦ «ጤና ይስጥልን! የትንሿ ተከታይ መሆንዎን አይተን ነው። እኛንም ይሞክሩን፤ ቅምሻ በነጻ ቤትዎ ድረስ እናመጣለን። ትልቁ ኬክ ቤት።»

«አይ እነዚህ ሰዎች!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለእኔም ጽፈውልኝ ነበር። የትንሿን የኢንተርኔት ገጽ ከሚከተል ሰው አንድም አልቀራቸው።»

«ላንቺ መቼ ጻፉልሽ?»

«ኧረ ቆየ! ክረምቱ ሳይገባ ነው።»

«እትዬ ገጹን መከተል የጀመሩት ካንቺ በኋላ ነው?»

«ምን በኋላ! ለእኔ ያሳዩኝ እሳቸው አይደሉ እንዴ? የመጀመሪያዋ ተከታይ እኔ ነኝ እያሉ ይኮሩ ነበር።»

ስልኩ ውስጥ ከትልቁ ኬክ ቤት የመጣ ሌላ መልእክት የለም። ቀስታ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የመጀመሪያዋን ተከታይ ዘልሎ ለልብስ ሰፊዋ ሰላምታ የሚልክ ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው እያለች ወጣች።

ትልቁ ኬክ ቤት ስሙን አልሰረቀም፤ መስታወቱ ብቻ የትንሿን ሱቅ ይውጣል። ባለቤቷን ሠራተኞቿ «እሜቴ» ይሏታል፤ ዘንድሮ ደንበኛ ወደ ትንሿ እየፈለሰባት ፊቷ አይፈታም። ታናሽ ወንድሟን «ኢንጂነሩ» ይሉታል፤ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሁሉ የእሱ ነው። ክሬሙን የሚመታው አጎታቸው ነው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል።

ኢንጂነሩ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፊቱ በራ። «ቦት የሚሉትን ፕሮግራም ነው የሠራሁት። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይልካል። የትንሿን ተከታዮች ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ በተራ ሰላም ይላል። ያናገረውን ሰው ሁለተኛ አይነካም።»

«ማንን እንዳናገረ በምን ያውቃል?»

«ከሰውዬው ጋር የተጻጻፈው ነገር ካለ ያልፈዋል። ከሌለ አዲስ ሰው ነው ብሎ ይጽፍለታል።»

«እንዳይጽፍለት የምትፈልገው ሰው ቢኖርስ?»

«አትንካ እለዋለሁ፣ አለቀ። የትንሿን እናት እንኳ እንዳይነካ አዝዤዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

«ጥያቄ የጠየቀውን ሰውስ ምን ይለዋል?»

«"እንደነሱው ነን፣ እንዲያውም እንበልጣለን። አድራሻዎን ይላኩልን" ይላል።»

«ምንም ቢጠየቅ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ሰው የሚጠይቀው ስለ ዋጋና ስለ ጣዕም ነው ብዬ ነበር…»

«የሚላከውን አድራሻ ማን ያነበዋል?»

«እኔ ወይ እህቴ።»

ጋሼ ከኋላ፣ ክሬሙ ዘንድ ነበር። እንግዳ ስትመጣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ በርጩማ ሰጣት።

«የእኛ ክሬም ኦቾሎኒ ነው፣ ልጄ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ትንሿ ራሷ እዚሁ፣ እጄ ሥር ነው ያደገችው። ኦቾሎኒ መውቀጥ ሰልችቷት ነው ሱቅ የከፈተችው እያልኩ እቀልዳለሁ።» ከዚያም «ደግ ልጅ ናት። ሰው አትገድልም» አለ።

«እርስዎ የገጹን መልእክት ያያሉ?»

«እኔ? ስልኬ ለመደወል ነው። ጽሑፍ ዓይኔም አያየው።»

እሜቴ መርማሪዋን የተቀበለችው ቆማ ነው። ቀስታ ሳትጋበዝ ተቀመጠች፤ እሜቴም የግዷን ተቀመጠች።

«መልእክት የወንድሜ መጫወቻ ነው፤ እኔ አላይም» አለች። «ሟቿን ደግሞ በምን አውቃታለሁ?»

«ከዚህ ቤት ቅምሻ የወሰደላቸው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ማን ይወስዳል? ወንድሜን ይጠይቁት። እኔ የማላውቃትን ሴት መስኮት ምን ላንኳኳ እሄዳለሁ? ሥራ የለኝም እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ እህቴ» አለች ቀስታ። ደረጃውን ስትወርድ ሦስቴ አረፈች፤ በሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትልቁ ኬክ ቤት ለደንበኛ ተዘጋ። እሜቴ፣ ኢንጂነሩ፣ ጋሼና ልብስ ሰፊዋ ወንበር ያዙ። ትንሿ በአንድ ፖሊስ ታጅባ መጣችና ከሁሉም ራቅ ብላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሼ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እትዬን የገደላቸው የትንሿ ኬክ አይደለም» ብላ ጀመረች ቀስታ። «እሷ የሸጠችላቸው ከተበላ ሰንብቷል፤ ፍርፋሪው ድንጋይ ሆኗል። ሳህኑ ላይ ያገኘሁት ግን የዚያኑ ዕለት ኬክ ነው። ትናንት አስመርምሬዋለሁ፤ ኦቾሎኒ አለበት።»

ትንሿ ቀና አላለችም።

«ታዲያ ከየት መጣ? ስልካቸው ነገረኝ። ከሞቱ በኋላ ከዚህ ቤት የሰላምታ መልእክት ገባላቸው፤ እፊቴ። ቦቱ በተራ ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ደግሞ የትንሿ የመጀመሪያዋ ተከታይ ናቸው። ለልብስ ሰፊዋ ክረምቱ ሳይገባ ከደረሳት፣ ለእሳቸው ከዚያም በፊት ደርሷቸዋል። ያናገረውን ሰው ሁለተኛ የማይነካው ቦት ለምን ደገማቸው?»

«የተጻጻፉት ከጠፋ…» አለ ኢንጂነሩ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«አዎ። ሰው አጥፍቶታል፤ ከእናንተ ገጽ ሲጠፋ ከእሳቸውም ስልክ አብሮ ይጠፋል። ቦቱም አዲስ ሰው መጣልኝ ብሎ ሰላም አላቸው። እስቲ ማን እንዳጠፋው እንይ። ጋሼ መልእክት አያዩም። አንተ ብትሆን ኖሮ ቦትህን "አትንካ" ሳትለው አታጠፋም፤ የገዛ ሥራህን ከሰው ሁሉ በላይ ታውቀዋለህ። ያጠፋው ገጹን መክፈት የሚችል፣ የቦቱን ጠባይ ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ዓይን እሜቴ ላይ አረፈ።

«እኔ ሴትዮዋን አላውቃትም ብያለሁ!»

«መስኮቷን ግን ታውቂዋለሽ» አለች ቀስታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው የሚያንኳኳው በር ነው፣ እህቴ። የእትዬ በር አብጦ በመስኮት እንደሚቀበሉ የሚያውቁት ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ አድራሻቸውን ሲልኩ ጽፈውት ያነበበም ሰው። ውሃ ሲቀበሉ ስለ ብርጭቆው የሚጠይቁ ሴት ደግሞ ስለ ኬኩ ሳይጠይቁ አድራሻ አይልኩም። አድራሻውን ያነበበ ሰው ከላዩ ያለውን ጥያቄም አንብቦታል።»

እሜቴ ከወንበሯ ተነስታ መልሳ ተቀመጠች።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «"ኦቾሎኒ ካለበት እሞታለሁ፣ የእናንተስ እንዴት ነው?" ይላል። ከሥሩ ቦቱ "እንደነሱው ነን" ብሏታል። ቅብጠት መሰለኝ። ሰው ትንሽ ሆዱን ሲያመው እሞታለሁ ይል የለ? የመጀመሪያዋን ተከታይ ከወሰድኳት ሌሎቹም ይመጣሉ ብዬ ራሴ ይዤላት ሄድኩ። በመስኮት ተቀበለችኝ። "እንደ ትንሿ ነው አይደል?" ስትለኝ "ይበልጣል" አልኳት።»

«እትዬ…» አለች ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ሸፍና።

«መሞቷን ስሰማ ፈርቼ የተጻጻፉትን አጠፋሁ። ከዚያ የትንሿ ሱቅ ታሸገ አሉኝ።» እሜቴ ፊቷን በሁለት እጆቿ ያዘች። «ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም።»

«ያንን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ኢንጂነሩ። «እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ መጀመሪያ የዋሸኋቸው።» ጋሼ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ግን አይደለህም አላለውም።

ፖሊሱ እሜቴን ይዞ ወጣ። ቀስታ ወደ በሩ ሄዳ ከትንሿ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ሱቅሽ ዛሬውኑ ይከፈታል። ወደ ልጅሽ ሂጂ። አንቺ ንጹሕ ነሽ።»

«አይደለሁም» አለች ትንሿ።

«ለምን?» አለች ቀስታ።

«መሞታቸውን ስሰማ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ የእኔ ኬክ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ያን ልናገር ብል ግን ሌላውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ከዚህ መታሰሩ ይቀለኛል ብዬ ነው።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«በዚያ ሰሞን ሱቄ መጥተው ነበር። "እነዚያ እንደ አንቺው ነን ይሉኛል፤ እውነት ነው እንዴ?" አሉኝ። ያን ክሬም ለስንት ዓመት የወቀጥኩት እኔ ነኝ። "እንዳይነኩት፣ ይገድልዎታል" ማለት ነበረብኝ። ግን እሳቸውም ጥለውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ ቆሽቴ አረረ።»

«ምን አልሻቸው?»

ትንሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት።

«"እነሱኑ ይጠይቋቸው" አልኳቸው።»