ወደ ኤርፖርት የምትሄደው ልጅ

ይህ ታሪክ በእኔና በእናቴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። የምታምኑ እመኑ፣ የማታምኑም አልቀየማችሁም... እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሐምሌ 2005 ዓ.ም.። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጅማ ኤርፖርት።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

ስሜ ዳግማዊ ነው። እናቴ አበራሽ ትባላለች። ከአዲስ አበባ የመጣነው የቡ ልንሄድ ነው። የቡ ከጅማ ወጣ ብላ ያለች፣ ዙሪያዋ ሁሉ ቡና የሆነ ትንሽ ከተማ ናት። እህቴ ናርዲ እዚያ አስተማሪ ነበረች።

ነበረች...

አምና ክረምት እናቴ በድንገት ታመመችና ኦፕራሲዮን እንድትሆን ተወሰነ። ናርዲ ይህን እንደሰማች ትኬት ቆርጣ በጠዋት ከየቡ ተነሳች። ኤርፖርት ግን አልደረሰችም። የተሳፈረችበት መኪና በዝናቡ ተንሸራቶ መንገድ ላይ ተገለበጠ።

ናርዲን አዲስ አበባ አምጥተን ስንቀብር እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

"ናርዲዬስ?" ትለናለች።

"እየመጣች ነው" እንላታለን።

መርዶውን ያረዳናት ቁስሏ ከደረቀ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ዝም እንዳለች ከረመች።

ናርዲን ቤት ያከራየቻት ሴት፣ አዴ መሪማ፣ አንድ ቀን ደወለችልን።

"ክፍሏን ለሌላ ሰው ለመስጠት ልቤ እምቢ አለኝ። መጥታችሁ ዕቃዋን ውሰዱ" አለችን።

"እኔ ራሴ ነኝ የምሄደው" አለች እናቴ።

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አትችልም። ዘመድ አዝማድ ተረዳድቶ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠልን። ከኤርፖርቱ በኋላ ያለው መንገድ ግን በራሳችን አቅም ነው።

መውጫው ላይ ባለ ኮንትራቶች ከበቡን። አብረውን የወረዱት ፈረንጆች የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ላንድክሩዘር ይዘው ሄዱ። ለእኛ የተጠራልን ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም።

አውሮፕላን ውስጥ አጠገባችን የነበረች ዙቤይዳ የምትባል የጅማ ልጅ እጅጌዬን ጎተት አደረገችኝ።

"አቦ ኮንትራት እንዳትይዝ! በእግር እስከ አስፓልቱ ውጡ። ከዚያ በባጃጅ መናኸሪያ። መናኸሪያ የየቡ ሚኒባስ አይጠፋም።"

ወደ እናቴ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎ ጋቢና ይቀመጡ እሺ? ኋላው ያንገላታዎታል።"

እናቴ አልሰማቻትም። ሰው ሊቀበሉ የመጡትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታያለች።

"እማዬ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?"

"ማንንም።"

ዙቤይዳ እንዳለችን አደረግን። መናኸሪያ ስንደርስ የየቡ ሚኒባስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሾፌሩ ዋቅጅራ የሚባል ጎልማሳ ነው። የእናቴን አረማመድ ሲያይ ጋቢና ያለውን ሰው ወደ ኋላ አዛወረልን። እናቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል ተቀመጥን።

"ሃርሜ፣ ተመችቶዎታል?" አላት። በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው።

ከከተማው እንደወጣን ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ጉሙም ወረደ። በግራና በቀኝ ያለው የቡና ተክል ጠቁሮ ይታያል።

ያኔ ነው ያየኋት።

አንዲት ልጅ በመንገዱ ዳር ወደ እኛ ትመጣለች። ፊቷን ወደ ጅማ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች። ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላለች። ጃንጥላ የላትም።

'ምስኪን፣ እንዴት በስብሳለች' ብዬ አሰብኩ። አለፍናት።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ሌላ ልጅ አየሁ... ቦርሳ አንጠልጥላለች። ጃንጥላ የላትም።

መኪናው የተጠራቀመ ውሃ ላይ ወጥቶ ጭቃውን ረጨባት። ሰው ከሆነ ሸሸት ይላል። እሷ ግን እርምጃዋን እንኳን አልቀየረችም።

ዋቅጅራ ቴፑን አጠፋው።

ከኋላችን ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ጸጥ አሉ። አንዱ "ቢስሚላህ..." ሲል ሰማሁት።

ኩርባውን ዞርን።

እዚያው ዳር... ያው ቦርሳ... ያው አረማመድ...

"ጋሼ ዋቅጅራ" አልኩት በሹክሹክታ። "ያቺ ልጅ..."

"አትያት።"

"ቅድም አልፈናት ነበር እኮ!"

"ቀስ በል! እናትህ እንዳይሰሙ።"

"ማናት?"

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል።

"አላውቅም። ከአምና ክረምት ወዲህ ዝናብ ሲጥል ትታያለች። ሁልጊዜ ወደ ጅማ ነው የምትሄደው። ግን... ደርሳ አታውቅም።"

"ተናግራ ታውቃለች?"

ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ።

"አንድ ቀን ጎማ ስቀይር ባጠገቤ አለፈች። 'አውሮፕላኑ ሄደ እንዴ?' አለችኝ።"

ናርዲም ያን ቀን አውሮፕላን ልትሳፈር ነበር።

ወደ እናቴ ዞርኩ። የመስኮቱን ላቦት በመዳፏ እየጠረገች ወደ ውጭ ትመለከታለች።

"አቁምልኝ" አለች።

"ሃርሜ፣ ማሎ፣ እባክዎ... እዚህ አይቆምም።"

"ልጄ ናት። አቁምልኝ።"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዋቅጅራ ግን ፍሬን ያዘ።

እናቴ የኦፕራሲዮኑን ቦታ በእጇ ደግፋ ዝናቡ ውስጥ ወረደች። ተከትያት ወረድኩ። ከመኪናው በር አልፌ ግን መሄድ አልቻልኩም።

ልጅቷ ከጉሙ ውስጥ መጣች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ፊቷን ማየት አልፈለግኩም... አረማመዷ ግን በቂ ነበር። አብሬው ያደግኩት አረማመድ ነው።

እናቴ ፊት ስትደርስ ቀና ሳትል ጠየቀች።

"አውሮፕላኑ ሄደ እንዴ?"

የናርዲ ድምፅ ነው። በጣም የደከመ የናርዲ ድምፅ።

"እናቴ ታማብኝ ነው... እንዳይሄድብኝ..."

አላወቀቻትም። እናቷን ራሷን እየጠየቀች አላወቀቻትም።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።

"ድናለች" አለች።

ልጅቷ ቆመች።

"ድናለች?"

"እናትሽ ድናለች የኔ ዓለም። ኦፕራሲዮኑም በሰላም አለቀ። ምግብም ትበላለች፣ ትሄዳለችም... ከእንግዲህ አትሩጪ። ይበቃሻል። ወደ ቤትሽ ግቢ።"

ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። ጀርባዋን ለጅማ ሰጥታ ወደ የቡ መራመድ ጀመረች። አሁን አትቸኩልም። እየሄደች፣ እየሄደች... ጉሙ ውስጥ ገባች።

እናቴ አስፓልቱ ላይ ተንበረከከች።

ያኔ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ የያዘችውን ለቅሶ እዚያ ዝናብ ላይ አለቀሰችው። "ናርዲዬ! ሳልቀብርሽ!" ትላለች። የማያውቋት ሴቶች ከመኪናው ወርደው ዙሪያዋን ተቀምጠው አብረዋት አለቀሱ። ዋቅጅራ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። እሱም ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።

ከዚያ በኋላ እስከ የቡ ድረስ መንገዱ ላይ ማንንም አላየንም።

አዴ መሪማ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ስለ መንገዱ ምንም አልነገርናትም። እናቴን አቅፋ "ሶብር ያድርጉ፣ አላህ ነው የሰጠ፣ አላህ ነው የወሰደ" እያለች ወደ ውስጥ አስገባችን። ደረቅ ልብስ ሰጠቻት። ቁልፉን አምጥታ የናርዲን ክፍል ከፈተችልን።

ጠባብ ክፍል ናት። መጻሕፍት፣ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተዘረጋ የብረት አልጋ። ሁሉም አቧራ ለብሷል።

"እዚህ ነው የማድረው" አለች እናቴ።

አንሶላውን አራግፋ ተኛች። ድካሙ ወዲያው ጣላት። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ አባርቷል። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ገና አልጠፋም፣ ስለዚህ ያየሁትን በደንብ ነው ያየሁት።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ነው የተኛችው። ትንሽ ብትገላበጥ ትወድቃለች። በግድግዳው በኩል ሰፊ ቦታ ባዶውን ነው።

ወደ ውስጥ ላስጠጋት ብዬ ተነሳሁ።

የአልጋው ሽቦ ጮኸ...

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።

በግድግዳው በኩል ያለው ፍራሽ ቀስ... ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ። ትራሱም ጎደጎደ። ትራሱ ላይ ትንሽ እርጥበት ታየ፤ እያየሁት እየሰፋ ሄደ።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ብርድ ልብሱን ጎተተችና ባዶውን ቦታ እስከ ትራሱ ድረስ አለበሰችው።