ሜዳው ሳይመረቅ

ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ውስጥ፣ ከኪራይ ፎቆቹ ጀርባ፣ ፒክልቦል ለሚባለው ቴኒስ መሰል ጨዋታ አራት ሜዳ ለማሠራት ሦስት ዓመት ፈጀ። አስፋልቱን ማልበሱና ቀለም መቀባቱ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ የቀረው በሙሉ ስብሰባ ነው። ለድምፁ ጥናት፣ ለጥናቱ ሌላ ጥናት ታዘዘለት። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ከርሞ፣ በስንት ጭቅጭቅ አረንጓዴው ቀለም በተቀባ ማግስት፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ፀጋዬ በመረብ ማሰሪያው ብረት ሥር ሞተው ተገኙ።

መርማሪ የሻሽወርቅ ጠዋት ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። ፓርክዴል ሰፈር ያደገች፣ ቶሎ የምትናደድና ቶሎ የማትፈርድ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ አየች። የጭንቅላታቸው ኋላ ከብረቱ ጋር ተጋጭቷል፤ የሸሚዛቸው አንገትጌ ተቀዷል። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሯቸዋል ማለት ነው።

ያገኛቸው የሜዳው ተቋራጭ ጆኒ ነበር።

«መስመሩን ላሰምር ስመጣ ነው ያየኋቸው። ወዲያው ለፖሊስ ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግኩ።»

«ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ለማን ልናገር? ፖሊስ እስኪመጣ ትራኬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር።»

የሰፈሩ ጣት ግን ቀድሞ ወደ አንድ ሰው ተቀስሮ ነበር፤ መስኮቱ በሜዳው ትይዩ ወደሆነው ወደ ይመር። ሬክስዴል ባለ ዳቦ ፋብሪካ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ሜዳውን በየስብሰባው ሲቃወም የኖረ እሱ ነው። በሩን ሲከፍትላት ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ስብሰባው ላይ ዝተዋል ይባላል።»

«አልክድም። “እዚህ ኳስ ለሚመታ ሰው ውርድ ከራሴ!” ብያለሁ። ያ የፕላስቲክ ኳስ ቀኑን ሙሉ ቷ ቷ ሲል መቼ ልተኛ?»

«ጫማዎ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለምስ?»

«ትናንት በቀን ሲቀቡ ልጮኽባቸው ገብቼ ነው። ጆኒን ጠይቂው።»

ጆኒን ጠየቀችው። እውነት ነበር፤ የረገጠበትን እየተራገመ እንደገና ቀብቶታል።

«ማታስ የት ነበሩ?»

«ኦፍ ነበርኩ፤ እዚሁ ቤቴ። አመሻሽ ላይ ፀጋዬ መጣ። “አንተን እንቅልፍ ነስተን አንጫወትም። ሥራውን ነገ አስቆመዋለሁ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን” አለኝ። ተቃቅፈን ተለያየን።» ይመር ግድግዳውን ተደገፈ። «ታረቅን ብል ማን ያምነኛል? ስፖንሰር ያደረግኳቸው ሚስቴና ልጆቼ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። ስድስት ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ። አሁን ከታሰርኩ አለቀልኝ፣ እህቴ።»

የሻሽወርቅ ወደ ኮሪደር ወጣች። ስልኳ ሲጠራ አለቃዋ ነበር፤ ይመርን እስከ ማታ ይዛው እንድትመጣ አዘዘ። ምክንያት አለው፣ ዛቻ አለው፣ ምስክር የለው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አላት። ስልኩን ስትዘጋ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ ሟች ቤት ወጣች።

አቶ ፀጋዬ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዱ ስለነበር፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ውጭ ማደራቸውን ምንም አላሉትም። ግን እሳቸው ራሳቸው በየጠዋቱ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ይገባሉ። ዛሬ አልሄዱም። ፖሊስ ቢደውልም ስልካቸው ዝግ ነበር። የሻሽወርቅ ይህን ስታነሳ፣ ጎረቤታቸው ቆንጂት ክንዷን ይዛ ኮሪደር ላይ አወጣቻት።

«ስልኳን እኔ ነኝ የደበቅኩባት» አለች በሹክሹክታ። «ከአገር ቤት መርዶ አለባት። ፌስቡክ ላይ ድንገት እንዳታይ ብዬ ነው። ትናንት ማታ ሲደወልልኝ መጥቼ አብሬያት አደርኩ፤ ጠዋትም አሞኛል ብዬ ከሥራ አስቀረኋት። ሽማግሌዎች መጥተው ሊያረዷት ነበር፣ ፖሊስ ቀደመ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሐዘን፣ እንዴት ትችለዋለች?»

«አገር ቤት የሞተው ማን ነው?»

«እኔም አላውቅ። መርዶ ከሽማግሌ አፍ ነው የሚወጣው፣ አይጠየቅም።»

ከውስጥ ጩኸት ሲሰማ ቆንጂት ሮጣ ገባች። የሻሽወርቅም የሌላ ሰው ሞት ነው ብላ ነገሩን አለፈችው። በኋላ በዚህ ራሷን ክፉኛ ተቆጥታለች።

የኮሚቴው ምክትል አቢይ ለለቀስተኛ ወንበር እየደረደረ ነበር። የሜዳውን ፕላን የነደፈው እሱ ነው፤ ከሟች ጋር በወጣትነታቸው በሱዳን አድርገው አብረው የመጡ ናቸው።

«ሦስት ዓመት!» አላት ወንበሩን አንኳኩቶ እያስቀመጠ። «አንዴ መብራቱ፣ አንዴ ዛፉ፣ አንዴ ድምፁ። የምነድፈው ሁሉ ይመለሳል፣ ደግሜ እነድፋለሁ። ለቅሶና ሰርግ ካልሆነ የማንገናኝ ሰዎች አንድ ላይ የምንስቅበት ቦታ ይኑረን ብለን እኮ ነው።»

«አቶ ፀጋዬ ሥራውን ሊያስቆሙ ነበር?»

«ፀጋዬ? አያደርገውም።»

«መሞታቸውን መቼ ሰሙ?»

«ጠዋት፣ የፖሊስ መኪና ሳይ።»

የሻሽወርቅ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በመዳፏ መታች። ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ከይመር በቀር የሚያዝ የለም። ይመር ደግሞ እንዳልገደለ ልቧ ነግሯታል፤ እንዴት እንደምታስረዳ ነው የጠፋት። ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ ሲደውልላት ደግሞ የባሰ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ለቅሶው ስትመለስ፣ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወንድም ከደሴ ደውሎ ያለቅስ ነበር። ስልኩን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በዚህ ሰሞን ከቤተሰብ የሞተ ሰው አለ?»

«ኧረ በስመ አብ! እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ያረፈው እናንተ ዘንድ ነው እንጂ!»

የሻሽወርቅ ስልኩን መለሰች። ከዚያ ይመርንና ጆኒን አስጠርታ ከለቀስተኛው መሀል አስቀመጠቻቸው። አንዳንዱ ይመርን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«በለቅሶ ቤት ይህን በማንሳቴ ይቅር በሉኝ» አለች። «ግን ያላጠፋ ሰው ሊታሰር ነው። ጋሼ ይመር ሜዳውን ጠልተዋል። ሟች ግን ትናንት ሄደው ሥራውን አስቆመዋለሁ ብለዋቸዋል። ይህ እውነት ከሆነ የሚናደዱት ጋሼ ይመር አይደሉም፤ ሜዳውን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ነው።»

«እውነት ከሆነ ነዋ!» አለ አቢይ።

«እውነት መሆኑን የነገረኝ መርዶው ነው። አስከሬኑን ጆኒ ያገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። ቆንጂት ግን ስልክ እንድትደብቅና አብራ እንድታድር የተነገራት ትናንት ማታ ነው። አገር ቤት ጠየቅኩ፤ የሞተ የለም። እንግዲህ ያ መርዶ የማን ነበር?»

ቆንጂት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማንም ሳያውቅ የአቶ ፀጋዬን ሞት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ጨካኝ ቢሆን ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። ይህ ሰው ግን ሚስታቸው ብቻቸውን ሆነው፣ ከፖሊስ አፍ እንዳይሰሙ ተጨነቀ። እንደ ወጉ አደረገ። ቆንጂት፣ ማን ነው የደወለልሽ?»

ቆንጂት አቢይን አየችው።

አቢይ የያዘውን ወንበር ለቀቀ። «ልገድለው አልነበረም» አለ። «ሜዳው ላይ ቆመን፣ ደስ ብሎኝ ሳለሁ፣ “ነገ አስቆመዋለሁ፣ ይመር አሳዘነኝ” አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለፍተን፣ ለአንድ ሰው እንቅልፍ! አንገቱን ይዤ ገፋሁት። ወደቀ፤ አልተነሣም። ጸሐይ ብቻዋን እንዳትሰማ... ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቀና አሉ። «እንደወደቀ ነው የሞተው?» ብለው መርማሪዋን ጠየቁ።

የሻሽወርቅ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። «አይደለም፣ እትዬ» አለች። «ሐኪሙ እንዳለው፣ ሌሊቱን ብዙ ቆይተዋል። ቶሎ ቢደረስላቸው...»

አልጨረሰችውም። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወደ አቢይ ዞሩ።

«ለእኔ አስተዛዛኝ ስትጠራልኝ እሱ በሕይወት ነበር» አሉት። «ስልኩ እጅህ ላይ ነበር እኮ፣ አቢይ።»

አቢይ ተንበረከከ። ሁለት ፖሊሶች ደግፈው ይዘውት ወጡ፤ ማንም አልሸኘውም።

የሻሽወርቅ ይመርን ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚችል ነገረችው። ይመር ግን አልሄደም። ኮሪደር ወጥቶ ለፋብሪካው ደወለ። «ዛሬ ሺፍት አልገባም» አለ፤ «ለቅሶ አለብኝ።» ተመልሶ ገብቶ ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ አጠገብ ተቀመጠ።