የዘቀጠው ዱቄት

ዋና አቅላጩ ከማቅለጫው ክፍል ጀርባ፣ የአሸዋ ክምር ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ሰርጉዷል፤ ሲመክትበት የነበረው የቀኝ እጁ ጣቶች ተሰባብረዋል። ሰውዬው ከወደቀ በኋላም ገዳዩ መምታቱን አላቆመም፤ ደሙ እስከ መስኮቱ ድረስ ተረጭቷል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ፖሊሶች የሟቹን ታናሽ ወንድም በካቴና አስረውት ነበር። ቅርጽ ሠሪ ነው፤ ልብሱ በደም ርሷል፤ ትናንት ከወንድሙ ጋር አንገት ለአንገት ሲተናነቁ ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። «ገደልከው ወይ?» ሲሉት መሬት መሬቱን ያያል። ወንፊት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ገዳይ አትወድም።

ተንበርክካ ቁስሉን አየች። ዙሪያው ያለው ፀጉር ተለብልቧል፣ ቆዳው ተቃጥሏል።

የሟቹ ሴት ልጅ በሩን ተደግፋ ቆማለች። እጆቿ በደም ጠቁረዋል፤ አንገቷ ላይ ግን የቆየ የጣት ሰንበር አለ።

«ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አቅፌው ሳለ አጎቴ ደርሶ አብሮኝ አቀፈው» አለች። እንባ የላትም።

ባሏ፣ የሟቹ አማች፣ ምድጃው አጠገብ ላቡን ይጠርጋል።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው ወንፊት።

«የት እሆናለሁ? እዚሁ! ለፍሬን ዲስክ አሉሚኒየም አቅልጬ የሞረድ ድንጋይ ዱቄት ጨመርኩበት፤ የሚያጠነክረው እሱ ነው። ቀድቼ እስክጨርስ ማማሰያው ከእጄ አልወጣም።»

«ትንሽ አረፍ ብትልስ?»

«አይቻልማ! ዱቄቱ ከአሉሚኒየሙ ይከብዳል፤ ዝም ካሉት ይዘቅጣል። ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም፣ ኢንስፔክተር።»

«ሌላ ሰውስ ማማሰያውን ነክቶታል?»

«ማን ደፍሮ!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወንፊት አመስግናው፣ ዲስኮቹን በቀዳበት ተራ እንዲደረድርላት ለመነችው፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ደረደረላት።

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም የብረት መቁረጫው መጋዝ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ የተቀዳው ዲስክ እንደ ሙዝ ተቆረጠ፤ ውስጡ ያብረቀርቃል፣ ዱቄት የለውም ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ግን መጋዙን አስጮኸው፣ ጥርሱንም በላው።

«የትናንቶቹንም ቆርጬ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አንድ ዓይነት ናቸው» አለች። «የዛሬው ዱቄት ግን ማቅለጫው ድስት ውስጥ ዘቅጧል። ከላይ ከላይ ስትቀዳ ባዶ አሉሚኒየም ወጣ፤ ዝቃጩ ለመጨረሻው ቀረ።»

አማቹ ሳቀ። «ብረቱ ሲረጋም እኮ ዱቄቱ ይሄዳል! ቀስ ብሎ የሚረጋ ብረት ዱቄቱን ፊት ፊቱ እየገፋ በመጨረሻ ወደሚረጋው ቦታ ይሰበስበዋል።»

«እውነትህን ነው፤ የምትቀዳበት ቅርጽ ማውጫ ግን ብረት ነው። ቶሎ ስለሚያረጋው ዱቄቱ ባለበት ይያዛል። ቢገፋስ? እዚያው ዲስክ ውስጥ ቦታ ይለውጥ ነበር እንጂ፣ ከአንዱ ዲስክ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ሟቹ የተመታው በጋለ ብረት ነው፤ ቁስሉ ተቃጥሏል። ማማሰያው ከእጄ አልወጣም አልክ። አምንሃለሁ። ከእጅህ አልወጣም፤ የወጣው ከድስቱ ነው። ሰውዬውን እስኪሞት ስትቀጠቅጥበት ዱቄቱ ዘቀጠ። ቀልጦ የተዘጋጀ ብረት ድስት ውስጥ ሲረጋ ማየት ደግሞ ለአቅላጭ አይሆንለትም፤ ተመልሰህ በጥድፊያ ሳታማስል ቀዳኸው።»

«ዛሬ ልጄን ይዣት እሄዳለሁ አለኝ!» ብሎ ጮኸ አማቹ። «ሚስቴን! ለኔ የሰጣትን!»

የተቆረጠውን ግማሽ ዲስክ አንስቶ ወደ ሚስቱ ተወረወረ። ስለቱ ትከሻዋን ቀደደው። አጎትየው በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንስቶ አፉ ላይ አሳረፈበት፤ ጥርስና ደም ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ፖሊሶቹ ተረባርበው እስኪይዙት ድረስም መምታቱን አላቆመም።

ካቴናው ሲፈታለት ልጅቱ ትከሻዋን ይዛ ቀረበችው።

«አጎቴ፣ እኔ አይደለሁም ማለት አቅቶህ ነው?»

«ገዳይዋ አንቺ መስለሽኝ ነዋ። ተደብድበሽ በመጣሽ ቁጥር አባትሽ እጅሽን ይዞ እዚህ አውሬ ቤት ሲመልስሽ አይቻለሁ። ትናንት የተናነቅነውም በዚሁ ነበር። ብትገድይውም አልፈርድብሽም ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጅቱ ደም የነካው አሸዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ዛሬ ግን ሊወስደኝ ነበር» አለችና፣ አባቷን ያን ጊዜ አለቀሰችለት።