ጎን ለጎን ያልተነበቡ ምዕራፎች

እትዬ አሰለፈች ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኮሌጁን የምርምር ቢሮዎች ሊቆልፉ ሲመጡ፣ ዶክተር ተክለጻድቅን የውጪው ደረጃ በሚታጠፍበት ማረፊያ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው አገኟቸው። ሁለት ጊዜ ስማቸውን ጠሩ። መልስ ሲያጡ እጃቸውን ነኩት፤ ቀዝቅዟል። ፖሊስ ጣቢያ የደወሉት እዚያው እንደቆሙ ነበር።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ከቦንጋ ገበያ ሽቅብ በባጃጅ ስትደርስ ካፊያው አባርቷል። ከኮሌጁ ሰዎች አንዱ ቀድሞ «ደረጃው ረጥቦ አዳልጧቸው ነው» አላት። እሷ ግን አስከሬኑ እስኪነሳ ድረስ ጠብቃ ተንበረከከችና ከሥራቸው የነበረውን ሲሚንቶ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«እትዬ አሰለፈች፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ነው የጀመረው?»

«ዐሥር ሰዓት ገደማ። ልብስ ከገመድ ላይ ሳወርድ ነው የያዘኝ።»

«እሳቸው የወደቁበት ግን ደረቅ ነው። አቧራው እንኳ አልራሰም። ሲወድቁ ገና አልዘነበም ማለት ነው።»

ከደረጃው አናት ላይ ደግሞ አብሯት የመጣው ሳጅን ሙሌ አንድ የኮት ቁልፍ አነሳ። ክሩ ከነጨርቁ ተቦጭቆ ወጥቷል። ቁልፉ ከሟቹ ኮት ደረት ላይ የጎደለው ነበር። የሺሃረግ ቁልፉን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ቢሮው ገባች።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥራዞች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ አንዱ የታሪክ፣ አንዱ የኢኮኖሚክስ። በስተቀኝ በኩል የአንድ ጥራዝ ያህል ባዶ ቦታ አለ። ከፊት ለፊት የሟቹ መነጽርና ራሳቸው ለጥናቱ የጻፉት መግቢያ ተቀምጧል። የሺሃረግ የመጀመሪያውን አንቀጽ ቆማ አነበበችው።

«የፖለቲካ ሳይንስ ማን እንደወሰነና በማን ስም እንደወሰነ ይጠይቃል። መልሱን ብቻውን አያገኝም። ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ታሪክን፣ በምን እንደሚኖሩ ኢኮኖሚክስን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመክር ሶሲዮሎጂን መጠየቅ አለበት። የሦስቱ መልስ እርስ በርሱ ሲጋጭ ማለፍ አይገባም፤ ቆሞ መመርመር ነው።»

«ሦስተኛውስ ጥራዝ?» አለች።

«የትሕትና ነዋ» አሉ እትዬ አሰለፈች በሩ ላይ ቆመው። «የሶሲዮሎጂ አስተማሪዋ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዛ መጥታ በእጃቸው ሰጠቻቸውና ወዲያው ሄደች። እኔም ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሳቸው ሲያነቡ ነው የተውኳቸው።»

ጥናቱ ስለ ኦጊያ ቀበሌ ጫካ ነበር። ጫካው ለሻይ ልማት ይሰጥ ወይስ በነዋሪዎቹ እጅ ይቆይ የሚለውን አንድ ኮሚቴ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሊወስን ቀጠሮ ይዟል። ውሳኔው በዚህ ጥናት ላይ ይመሠረታል። አራት ሰዎች ጽፈውታል፤ አንዱ፣ አስተባባሪው፣ ሞቷል።

የሺሃረግ እሑድ ከሰዓት በፊት የታሪክ መምህሩን ጋሽ ፈለቀን ቤታቸው አገኘቻቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ዓይናቸው በልቅሶ ያበጠ ሰው ናቸው።

«ሃያ ዓመት ተከራክረናል» አሉ። «የእናንተ ሙያ የሚቸኩል ታሪክ ነው እለው ነበር። እሱ ይስቅና፣ የእናንተስ የዘገየ ፖለቲካ አይደለም ወይ ይለኛል።»

«ትናንት ከስድስት ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ጎረቤቴ ለቅሶ ላይ። ድንኳኑ ውስጥ ያየኝ ብዙ ሰው ነው፤ ይጠይቁ።»

«የሌሎቹን ምዕራፍ አንብበዋል?»

ጋሽ ፈለቀ አቀረቀሩ። «የለም። ሁላችንም የየራሳችንን ጽፈን ለእሱ ሰጠን። የሁላችንን ያነበበው እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው ጨመሩ፤ «ዓርብ ዕለት ከትሕትና ጋር ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። መደበቅ ስለማልፈልግ ነው የምነግርዎት።»

የኢኮኖሚክስ መምህሩ ኢሳያስ ፊቱ የተላጨ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። ወንበር ስቦላት ራሱ ቆመ።

«ተክሌን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ዓርብ ነው። ትናንት ሺሺንዳ እህቴ ዘንድ ዋልኩ። የተመለስኩት ሲመሽ ነው።»

«ከማን ጋር የተጣሉ ይመስልዎታል?»

«ሰው መክሰስ አልወድም። ግን ትሕትና ሥራዋ ሲተች መታገሥ አትችልም። እውነቱን ለመናገር ተክሌ አልተሳሳተም። እኔ መቶ ሃያ ስምንት አባወራ ቤት ለቤት ጠይቄ ቁጥር አምጥቻለሁ። እሷ የሐሙስ ገበያ ላይ ማን ከማን ጋር ቆሞ እንዳወራ ገጽ ሙሉ ትጽፋለች። ኮሚቴው በዚህ ምን ያደርጋል?»

«ምዕራፏን አይተውታል?»

«የእኔ ሥራ አይደለም፤ አላየሁትም» አለ ኢሳያስ።

የሺሃረግ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጽፋ ወጣች።

ትሕትና የምትኖርበት ክፍል ውስጥ መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተቆልለዋል። ኢንስፔክተሯን አይታ አልደነገጠችም፤ ደክሟት ነበር።

«እኔን እንደሚጠረጥሩኝ አውቃለሁ» አለች።

«ዓርብ በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ምዕራፌን መለሱልኝ። ስለ ጋብቻና ስለ ለቅሶ ጽፌ ነበር። ‹የኦጊያ ሰው የጋራ ጉዳዩን የት ተገናኝቶ ነው የሚመክረው? በየትኛው ቀን?› አሉኝ። ሦስት ቀን ሲቀረው ነው እንዴ የሚጠየቀው ብዬ ጮህኩባቸው።» ከንፈሯን ነከሰች። «ግን ልክ ነበሩ። የመስክ ማስታወሻዬን ገልጬ ስለ ገበያው አዲስ ክፍል ጻፍኩና ቅዳሜ አደረስኩላቸው።»

«ያንን አዲስ ክፍል ከአንቺና ከእሳቸው ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«ማንም። ለማንም አላወራሁም። ኮፒው ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ አሁኑኑ ላትምልዎት እችላለሁ።»

የሺሃረግ የታተመውን ተቀበለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሦስቱንም ምዕራፎች ልክ እሳቸው እንዳደረጉት ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም መምህራንና እትዬ አሰለፈችን በዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሳጅን ሙሌ በሩን ዘግቶ ቆመ። ማንም ወደ ባዶው ወንበር አልተመለከተም።

«ዶክተር ተክለጻድቅን ደረጃው አላዳለጣቸውም» ስትል ጀመረች። «የወደቁት ካፊያው ሳይጀምር ነው። ደረጃው አናት ላይ አንድ ሰው ኮታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ነበር፤ ቁልፉ የተቦጨቀው ለዚህ ነው። ከዚያም ያ ሰው ተመልሶ ገብቶ የትሕትናን ምዕራፍ ወሰደ። ትሕትና ራሷ ወሰደችው እንዳልል፣ ጽሑፉ ኮምፒውተሯ ላይ አለ፤ ስጠይቃት ሳታመነታ ሰጠችኝ። ስለዚህ ምዕራፉ የሚጎዳው ጸሐፊዋን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ጋሽ ፈለቀ፣ ምዕራፍዎ ላይ ኦጊያ ስንት ቤት አላት?»

«ሰባ አራት ጭስ። ማለት ሰባ አራት ቤተሰብ ነው። ባለፈው ዓመት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆጥሬአለሁ።»

«አቶ ኢሳያስ ግን መቶ ሃያ ስምንት አባወራ ጠይቀዋል።»

«ድንበሩን ሰፋ አድርጌ ነው የወሰድኩት» አለ ኢሳያስ።

«ይሁን። መጠይቁን በሁለት ተከታታይ ሐሙሶች ቤት ለቤት እንደሞሉ ጽፈዋል። ትሕትና፣ ሐሙስ ኦጊያ ውስጥ ምን አለ?»

ትሕትና ኢሳያስን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች። «ሐሙስ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉም ገበያ ነው። ቤቶቹ ይዘጋሉ።»

«ዶክተሩ መጀመሪያ የጠረጠሩት የጋሽ ፈለቀንና የኢሳያስን ቁጥር ሲያስተያዩ ነው። ለዚህ ነው ዓርብ ዕለት ትሕትናን ሰው የሚገናኝበትን ቀን የጠየቋት። ጥርጣሬያቸውን ሳይነግሯት ማረጋገጥ ፈልገው ነበር። ቅዳሜ መልሱ መጣላቸው። መቶ ሃያ ስምንቱ አባወራዎች የተጠየቁት በተዘጉ ቤቶች ነው። ከእነሱ ውስጥ መቶ ዐሥራ ሁለቱ ጫካው ይሰጥ ብለዋል የተባለውም አንድ ሰው በስማቸው የወሰነው ነው።»

«ይህ ስለ ጥናት ነው» አለ ኢሳያስ። ድምፁ ደርቋል። «ስለ ሞቱ ምን ይላል?»

«ትናንት የትሕትናን ምዕራፍ አላየሁም እያሉኝ፣ የሐሙስ ገበያን እንደጻፈች ነገሩኝ። ያ ክፍል ዓርብ አልነበረም። ከቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ከትሕትና በቀር ያነበበው የለም። ከዚያ በኋላ የነበረው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከማን ሰሙ?»

ኢሳያስ ወደ ጋሽ ፈለቀ ዞረ። «እኔ ገና አሁን መስማቴ ነው» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«ሺሺንዳ ያሉትን እህትዎንም አነጋግሬአለሁ። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ወደ ቦንጋ እንደተመለሱ ነግረውኛል።»

ኢሳያስ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ደውሎ ጠራኝ» አለ። «ገጹን አሳየኝና ‹ኦጊያ ሄደሃል?› አለኝ። አልሄድኩም ነበር። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ፣ ጊዜው አልቆ… ሰው ምን እንደሚመልስ አውቃለሁ ብዬ ነው የሞላሁት። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ኮሚቴው ዘንድ ሊሄድ መስሎኝ ያዝኩት። ልቀቀኝ አለኝ። ገፋሁት። ወርጄ ሳየው አይተነፍስም።»

የሺሃረግ ከቦርሳዋ አንድ ደብዳቤ አወጣች። «ወደዚህ ስመጣ ኮሚቴው ቢሮ ጎራ ብዬ ነበር። ይህ ዶክተሩ የጻፉት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የደረሳቸው ነው። ጥናቱ እንዳላለቀ፣ ጥፋቱ የአስተባባሪው የራሳቸው እንደሆነ ገልጸው የሁለት ወር ጊዜ ጠይቀዋል። የእርስዎ ስም የለበትም። ኮሚቴው ፈቅዷል።»

ኢሳያስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሳጅን ሙሌን ተከትሎ ወጣ።

በተሰጠው ሁለት ወር ውስጥ ትሕትናና ጋሽ ፈለቀ ኦጊያ ሄዱ። መንገዱ ክፉ ነበርና የመጨረሻውን በእግር ወጡት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ጫካው ጥግ ባለው የመጀመሪያ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ማር የምታጣራ ሴት አገኙ። ትሕትና መጠይቁን አወጣች።

«ስለ ጫካው ጉዳይ ከዚህ በፊት የጠየቀዎት ሰው አለ?»

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔን?» አለች። «ማን መጥቶ? ግቡ፤ ቁጭ በሉ። ብዙ የምለው አለኝ።»